የመመረቂያ ጽሑፎቻችን አድራሻ ለምን «ሎካልሆስት» ሆነ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን «ዲጂታል ሪፖዚተሪ ተመረቀ» የሚል ዜና በየጊዜው ያስነግራሉ። ፎቶው ላይ ፕሬዚዳንቱ አሉ፣ ፕሮጀክተሩ አለ፣ ሪባኑም አለ። ከዓመት በኋላ ያንኑ አድራሻ ስንከፍት ወይ ገጹ አይመጣም፣ ወይ የምርቃቱ ቀን የገቡት ፋይሎች ብቻ ተቀምጠዋል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በቤተ መጻሕፍት ሥራው ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ጥፋቱ ሁልጊዜ በበጀት ሲሳበብ እንሰማለን። እኛ እንደምናየው ግን አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ገንዘብ በማይጠይቁ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚወሰኑ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

ሪፖዚተሪ ስንል የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች የሠሩት ቴሲስ፣ ዲሰርቴሽን፣ የጆርናል ጽሑፍና የምርምር ዳታ ተሰብስቦ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ይለፍ ቃል የሚያነብበት ማከማቻ ማለታችን ነው። ጉዳዩ የፈቃደኝነት ብቻ አይደለም። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ ያዛል። በተቋሙ ሪፖዚተሪም፣ «ናድሬ» በሚባለው ብሔራዊ ማከማቻም እንዲገባ ይጠይቃል። ፖሊሲው አለ፤ የጎደለው ከፖሊሲው በታች ያለው የጓዳ ሥራ ነው።

ከአድራሻው እንጀምር። አንዳንድ ቴሲሶች የዋቢ ዝርዝራቸው ላይ እንዲህ ያለ ሊንክ ይገኛል፦ «ሎካልሆስት»፣ ቀጥሎ 8080፣ ቀጥሎ «ሃንድል»፣ ቀጥሎ 123456789፣ በመጨረሻም የፋይሉ ተራ ቁጥር። ሎካልሆስት በኮምፒውተር ቋንቋ «ይኸው ራሴ» ማለት ነው። አንባቢው ሊንኩን ሲጫን ኮምፒውተሩ የዩኒቨርሲቲውን ሰርቨር ትቶ ራሱን ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ነገር የለም። 8080 ቶምካት የሚባለው ፕሮግራም ሲጫን የሚከፍተው በር ነው። 123456789 ደግሞ ዲስፔስ ለሙከራ ይዞት የሚመጣው የሃንድል፣ ማለትም የሰነድ ቋሚ መለያ፣ ቅድመ ቁጥር ነው። ዲስፔስ ኤምአይቲና ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን የአገራችንም ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲታዩ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ሰርቨሩን የተከለው ሰው የማዋቀሪያ ፋይሉን ሳያስተካክል ፋይል መጫን ተጀምሯል።

ክፋቱ ዲስፔስ ይህን አድራሻ በእያንዳንዱ መዝገብ ሜታዳታ (ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቀን በመሳሰሉት ገላጭ መረጃዎች) ውስጥ መጻፉ ነው። በኋላ የሰርቨሩ ስም ቢስተካከል እንኳ ቀድመው የገቡት ቴሲሶች አሮጌውን አድራሻ ተሸክመው ይቀራሉ፤ ተማሪውም «ዋቢ አድርግ» ከሚለው ቦታ የሚገለብጠው ያንኑ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፋይል ከመግባቱ በፊት በዩኒቨርሲቲው ዶሜይን ሥር ቋሚ ስም መውሰድ ያስፈልጋል። ስሙ የፕሮጀክቱን ወይም የሶፍትዌሩን መጠሪያ ባይይዝ ይመረጣል፤ ሶፍትዌሩ ነገ ሊቀየር ይችላላ። ከዚያ የራስን የሃንድል ቅድመ ቁጥር ማስመዝገብ ነው። ክፍያው በዓመት 50 ዶላር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል የፋይናንስ ክፍሉ ወረቀት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ሰርቨሩ ሳይገዛ በፊት መጀመር ይሻላል። አንዴ ከተሳሳተ በኋላም ቢሆን ዲስፔስ አሮጌውን ቅድመ ቁጥር በአዲሱ የሚተካበት ትእዛዝ አለው። ዳታቤዙን ባክአፕ አድርጎ ትእዛዙን ማስኬድ፣ ቀጥሎ የፍለጋ ኢንዴክሱን እንደ አዲስ መሥራት ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለዓመታት ሳይነካ የሚቆየው ማንም ስለማያየው ነው።

ሰርቨሩን በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ እንበል። ከ7ኛው ስሪት ወዲህ ያለው ዲስፔስ የፊት ገጹና የጀርባ ሥራው ተለያይተው የሚሠሩ ናቸው። ዳታቤዙና ሶልር የሚባለው የፍለጋ ሞተር ሲጨመሩ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ከወለል በታች ላለመውረድ ያህል ነው፤ 16 ቢሆን ይተነፍሳል። ከሌላ ክፍል የተረፈ ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ ሲተከል ሶልር ደጋግሞ ይወድቃል፤ ተጠቃሚው «ሪፖዚተሪው ባዶ ነው» ብሎ ይሄዳል። 6ኛው ስሪት ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2023 ስላበቃ በእሱ ላይ ያሉ ተቋማት መሸጋገር አለባቸው። በሽግግሩ ጊዜ መረጃ የሚሰበስቡ ሌሎች ሥርዓቶች የሚጠሩት የኦኤአይ አድራሻ እንደሚቀየር ብዙዎች ይዘነጉታል። ካልተነገራቸው ሰብሳቢዎቹ በዝምታ ያቆማሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ስማችን እንምጣ። የዲስፔስ የመመዝገቢያ ቅጽ ደራሲውን ሲጠይቅ «የቤተሰብ ስም» እና «የመጀመሪያ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ያቀርባል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አበበ ከበደ ወልዴ የሚባል ተመራማሪ ቢኖር አንዱ መዝጋቢ «ከበደ፣ አበበ» ይለዋል፤ ሌላው «ወልዴ፣ አበበ ከበደ»፤ ሦስተኛው ሳጥኖቹን እንደ አመጣጣቸው ሞልቶ «አበበ፣ ከበደ» ያደርገዋል። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆነ። የላቲኑ አጻጻፍ ሲጨመርበት ይባዛል፤ ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በቲ-ኤስ፣ ሌላው በቲ-ዜድ ይጀምረዋል። በደራሲ ስም የሚፈልግ ሰው ከሥራዎቹ አንዱን ያገኝና ሌሎቹን ያጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በቅጹ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የደራሲው መስክ ሁለት ሳጥን መሆኑ ቀርቶ አንድ ሳጥን እንዲሆን ማድረግና ስሙን ከነአባትና ከነአያት፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ፣ በምንጠራበት ቅደም ተከተል መጻፍ ነው። ጉግል ስኮላር በሁለቱም አጻጻፍ ያነበዋል። የላቲኑን አጻጻፍ ሬጅስትራር በዲግሪው ላይ ከሚያትመው ጋር አንድ ማድረግ ነው፤ ለመምህራን ደግሞ የተመራማሪ መለያ የሆነውን የኦርኪድ ቁጥር መጠየቅ። ኦርኪድ ማውጣት በነፃ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ይህ ውሳኔ በአንድ ገጽ ተጽፎ መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ካልተለጠፈ ግን ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር ሥርዓቱም አብሮ ይቀየራል።

ዓመተ ምሕረቱም የራሱ ጣጣ አለው። በአማርኛ የተጻፈ ቴሲስ ሽፋኑ ላይ «ሰኔ 2011 ዓ.ም» ይላል። መዝጋቢው 2011 ብሎ ይሞላል፤ ዓለም ግን ጽሑፉን የስምንት ዓመት አሮጌ አድርጎ ያነበዋል። ሰኔ 2011 ማለት እ.ኤ.አ. ጁን 2019 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ላለው ጊዜ ሰባት፣ ለተቀረው ስምንት ዓመት መጨመር ነው። በሜታዳታው የቀን መስክ ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ የአውሮፓው ቀን ይሁን። የኢትዮጵያውን በማብራሪያ መስክ እንዳለ መያዝ ይቻላል። በአንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ቴሲሶች በአንዱ፣ አማርኛ ቴሲሶች በሌላው አቆጣጠር ገብተው የዓመት ማጣሪያው ትርጉም ሲያጣ አይተናል።

የአማርኛ ቴሲሶችን ካነሳን ሌላም አለ። ፒዲኤፉን ክፈቱና አንድ መስመር ገልብጣችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። የሚወጣው የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርኪ ምርኪ ከሆነ ጽሑፉ የተጻፈው በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ነው ማለት ነው። ለዓይን ግዕዝ ይመስላል፤ ለኮምፒውተር ግን ግዕዝ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ወጥ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቢገባም በአሮጌው ፎንት መጻፍ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። እንዲህ ያለው ፋይል ሺህ ጊዜ ቢጫን በፍለጋ አይገኝም። ተማሪው የወርድ ፋይሉን ካላጠፋው ወደ ዩኒኮድ መቀየርና ፒዲኤፉን እንደገና ማውጣት ነው። ወርዱ ከሌለ ቴሰራክት የሚባለው ነፃ የኦሲአር (የገጽ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር) ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል አለው፤ ንጹሕ ገጽ ላይ ለፍለጋ የሚበቃ ውጤት ይሰጣል፤ የተጨማደደ ፎቶኮፒ ላይ ግን አትመኑት። ዩኒኮድ ሆኖም «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ፍለጋውን ይከፋፍሉታል። «ጸሐይ» ብሎ የፈለገ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን አያገኝም። ሶልር ውስጥ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ የማመሳሰያ ዝርዝር መጨመር ይቻላል። አጭር ፋይል ነው፤ ፕሮግራመር ለአንድ ከሰዓት መለመን ይበቃል።

ወረቀቱ ብቻ የቀረ አሮጌ ቴሲስ ስካን ሲደረግ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት በከለር ማንሳት ነው። አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ በከለር ሳይጨመቅ ከ26 ሜጋባይት ያልፋል። ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ገጽ በጥቁርና ነጭ ብናነሳው ተጨምቆ 50 ኪሎባይት ግድም ይሆናል። ጉግል ስኮላር ከ5 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል እንዳይቀርብለት ይጠይቃል። ስለዚህ ከለሩን ለካርታና ለፎቶግራፍ ገጾች ብቻ እንተወው። ትልቅ ሆኖ የቀረውን ደግሞ ዋናው ጽሑፍና አባሪው ተለያይተው እንዲገቡ እናድርግ። በነገራችን ላይ፣ ከወርድ በቀጥታ የወጣ የ120 ገጽ ቴሲስ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሜጋባይት አይበልጥም፤ 1,000 ቢገቡ 3 ጊጋባይት ነው። «ስቶሬጅ የለንም» የሚለው ምክንያት የፍላሽ ዋጋ ያህል ክብደት ነው ያለው።

ፈቃድ የሌለው ፋይል መጫን ደግሞ ተቋሙን ችግር ውስጥ ይከታል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጽሑፉን የጻፈው ሰው ነው የመብቱ ባለቤት፤ ጥበቃውም ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ቤተ መጻሕፍቱ ወረቀቱን በመደርደሪያ ላይ ስላስቀመጠው በኢንተርኔት የማሰራጨት መብት አገኘ ማለት አይደለም። አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ ይበቃል። ተማሪው መብቱን ሳያስተላልፍ ዩኒቨርሲቲው እንዲያሰራጭለት መፍቀዱን ይግለጽ። ወዲያው ይከፈት ወይስ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ24 ወር ይቆይ የሚለውን ይምረጥ። ሌሎች ሥራውን እንዴት መጠቀም እንደሚችሉ ከሚገልጹት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች የትኛውን እንደመረጠ ይሙላ። ከሌላ የወሰደው ካርታ ወይም ሥዕል ካለ ያስታውቅ። ቅጹ የሚፈረመው በዲፌንሱ ቀን፣ አማካሪው ባለበት ነው። ተመራቂው ጋምቤላ ወይም ዱባይ ከሄደ፣ ስልኩንም ከቀየረ በኋላ ፊርማ ፍለጋ መዞር አድካሚ ነው። ፈቃድ ለሌላቸው የቆዩ ቴሲሶች ርዕሱንና አጽሕሮቱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ሙሉውን ጽሑፍ በካምፓስ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ማስነበብ፣ ባለቤቱ ሲገኝ መክፈት አንዱ መንገድ ነው።

አባሪዎቹን ሳታነቡ አትጫኑ። የጤናና የማኅበራዊ ሳይንስ ቴሲሶች መጨረሻ ላይ የቃለ መጠይቅ ተሳታፊዎች ስም ከነስልክ ቁጥራቸው ተዘርዝሮ ይገኛል፤ አልፎ አልፎም የታካሚ ካርድ ቁጥር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። የፊርማ ገጹም ቢሆን የአማካሪና የፈታኝ ፊርማ በጥራት የተነሳበት ስለሆነ ለሐሰተኛ ሰነድ ሠሪ ስጦታ ነው። ፊርማ የሌለበት ገጽ ይተካ፤ የተፈረመው በቤተ መጻሕፍቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

ሪፖዚተሪ የሚያድገው በልመና አይደለም። በየዓመቱ ሳይቋረጥ ቴሲስ የሚያመጣው አንድ ነገር ቢኖር ክሊራንስ ነው። ዛሬም በብዙ ቦታ ተማሪው ሲዲ ያስረክባል፤ ሲዲው ከጀርባ ሽፋን ላይ ይለጠፋል ወይም መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲዲው ይቧጨራል፣ የሚያነበው ላፕቶፕም ይጠፋል። ይልቅስ የቤተ መጻሕፍቱ የክሊራንስ ማኅተም ፋይሉ ተመርምሮ ሲገባ ብቻ የሚመታ ቢሆን? ተማሪው ራሱ ፒዲኤፉን ይጭናል፣ ርዕስ፣ አጽሕሮትና ቁልፍ ቃል ይሞላል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ስሙን፣ ቀኑን፣ አባሪውንና የፈቃድ ቅጹን አይቶ ያጸድቃል። አንድ ቴሲስ በጥንቃቄ ሲታይ 15 ደቂቃ ይፈጃል ብንል 300 ተመራቂ 75 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ሰው የሁለት ሳምንት ሥራ። ግን ሁሉም በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ይመጣሉ። ስለዚህ በዚያ ወቅት ሁለት ሰው ጊዜያዊ ድጋፍ እንዲመደብ አስቀድሞ ይፈረም፤ አለዚያ ሰልፉ ሲረዝም ማኅተሙ ሳይታይ ይመታል፤ ፋይሉም «ፋይናል ፋይናል 2» በሚል ስም ይገባል።

መምህራንን በተመለከተ ደብዳቤ መበተን ብዙም አያመጣም። ለማዕረግ ዕድገት የሚቀርብ የሥራ ዝርዝር ላይ የሪፖዚተሪ ሊንክ እንዲኖር ሴኔቱ ቢወስን ግን በዓመት ውስጥ ለውጡ ይታያል። ብሔራዊ ፖሊሲውም ክፍትነትን ከምርምር ምዘና ጋር ያያይዘዋል። እዚህ ላይ የሚበዛው ስሕተት መምህሩ የአሳታሚውን የተዋበ ፒዲኤፍ ማምጣቱ ነው። አብዛኞቹ አሳታሚዎች የሚፈቅዱት በገምጋሚዎች ታይቶ የጸደቀውን የደራሲውን የወርድ ቅጂ ነው፤ አንዳንዶቹም ከጥቂት ወራት ቆይታ በኋላ። የየጆርናሉን ሕግ ቀድሞ ሸርፓ ሮሚዮ ይባል በነበረው፣ አሁን «ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ ሥራውም የመምህሩ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍቱ ይሁን። «ቴሲሴ ይሰረቅብኛል» የሚል ስጋትም አለ። ከመሳቢያ የተሰረቀን ጽሑፍ ማንም አያውቀውም፤ ክፍት የተቀመጠውን ግን የጽሑፍ መመሳሰልን የሚመረምር ሶፍትዌር ያገኘዋል።

የሪፖዚተሪውን መዋቅር ከዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ሰንጠረዥ እየገለበጡ አራት አምስት ደረጃ ማውረድም ያስቸግራል። ኮሌጆቻችን ይዋሃዳሉ፣ ይከፈላሉ፣ ስማቸው ይቀየራል። ሁለት ደረጃ ይበቃል፤ ትምህርት ክፍሉን በሜታዳታ መስክ መያዝ ይሻላል።

ባክአፕ ላይ የተሳሳተ እምነት አለ። ዲስፔስ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበት ማህደር ውስጥ ብትገቡ ርዕስም የደራሲ ስምም አታገኙም፤ ያሉት ረዣዥም ቁጥሮች ናቸው። የትኛው ቁጥር የማን ቴሲስ እንደሆነ የሚያውቀው ዳታቤዙ ብቻ ነው። የፋይል ማህደሩን ብቻ ባክአፕ ያደረገ ተቋም ዳታቤዙ ሲጠፋ በሺዎች የሚቆጠሩ ስም የለሽ ፒዲኤፎች ይቀሩታል። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ይገልበጡ፤ አንዱ ቅጂ ከካምፓሱ ውጭ ይቀመጥ። በዓመት ሁለት ጊዜም ባዶ ማሽን ላይ መልሶ በመትከል ይሞከር። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዳታቤዙ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያስችል ዩፒኤስ ከሌለ ደግሞ ይህ ሁሉ ይደጋገማል።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለን። ዘጋቢያችሁ ወደ ቀጣዩ የሪፖዚተሪ ምርቃት ሲሄድ የካምፓሱን ዋይፋይ አጥፍቶ በራሱ ስልክ ዳታ አንድ ቴሲስ ይክፈት። ከሦስተኛው ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጦ በጉግል ይፈልገው። ከዚያ መድረኩ ላይ ያሉትን ኃላፊ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይህ ኃላፊነት ስሙ ተጠቅሶ የተሰጠው ሠራተኛ ማን እንደሆነ፣ እሱ ሥራ ቢለቅ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ሌላ ማን እንደሚያውቅ ይጠይቅልን። መልሱን ከሪባኑ ፎቶ ጎን ብታወጡት እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የዲጂታል ክፍል የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ